ሙዳዩ ላይ የተሰፋችው ፀሐይ

ልጆቹ «እማማ፣ ያን የመርሳውን መንገድ ንገሪን» እያሉ ፋታ ነሱኝ። ስነግራቸው አንዴ ዶሮዋን እዘላለሁ፣ አንዴ የፈነዳውን ጎማ እረሳለሁ፤ «ባለፈው እንዲህ አላልሽም» ብለው ይይዙኛል። እንግዲያው ልጻፈውና ይረፉ ብዬ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት መሠረተ ትምህርት በመጣ ጊዜ ወይራ ሥር ተቀምጬ ነው። መስመሩ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። የምጽፈው ለልጆቹ ብቻም አይደለም፤ እዚህ ፍላቂት ደጋው ላይ ተወልደው ቆላውን ሳያዩ ለሚያረጁት ጎረቤቶቼም ነው።

መሄድ እወዳለሁ። ግሸንም በእግሬ ሄጃለሁ፣ ላሊበላም እንዲሁ፤ ሰው ሞተ ሲሉ ለለቅሶ፣ ተወለደ ሲሉ ለአራስ ጥየቃ፣ ምክንያት አላጣም። ይህን መንገድ የሄድኩት ግን ለሙዳይ ነው።

ታላቅ እህቴ የሺ ልጃገረድ ሳለች ወልድያ አክስታችን ዘንድ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ነበር። ስትመለስ የሰፋችውን ሙዳይ ይዛ መጣች። ክዳኑ ዙሪያ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ጥብጣብ ሦስት ዙር ተሰፍቶበታል። በሁለቱም ጠርዙ እኩል እኩል የተበሱ ቀዳዳዎች አሉት፤ ለስፌት ብሎ ሰው ያሰናዳው ነው የሚመስለው። «ሲኒማ የሚያሳዩ ሰዎች ሰጡኝ» ትል ነበር። ብርድ ሲጠና እኛን ሕፃናቱን ትሰበስብና ከመቃብሩ እየተነሣ የሰው ደም ስለሚመጥ አንድ ረጅም ሙት ታወራልናለች። ስንጮህ ሙዳዩን በጣቷ መታ መታ ታደርግና «አይዟችሁ፤ ሞቷል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይኸው እዚህ ነው» ትለናለች። እኔ ሙቱ ሙዳዩ ውስጥ የተቆለፈ መስሎኝ እስካድግ ድረስ ክዳኑን አልነካሁም።

የሺ አግብታ ሁለት ዓመት ሳይሞላት በንዳድ ሞተች። ልጅ የላት፣ ፎቶግራፍ የላት። መልኳን የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ፤ እኔም እየረሳሁት ነበር። የቀረችኝ ያቺ ሙዳይ ናት።

የልጅ ልጄ ትዕግሥት ወልድያ ነርስ ናት። አንድ ቀን የመታወቂያ ፎቶ ልትነሣ ፎቶ ቤት ብትገባ፣ ገመድ ላይ እንደ ቋንጣ የተሰጣ ቀዳዳማ ጥብጣብ አየች። «ይህማ የአያቴ ሙዳይ ላይም አለ» አለች። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሰዓዳ ትባላለች። ይህን ስትሰማ ሥራዋን ጥላ ትዕግሥትን ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ለካ የሰዓዳ አባት ጋሽ እንድሪስ በወጣትነታቸው በመኪና ከገበያ ገበያ እየዞሩ ሲኒማ ሲያሳዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ዘመን አንድ ፊልም በቆርቆሮ ጣሳ ተቀምጦ ቀርቷል፤ ጥቁርና ነጭ፣ ድምፅ የሌለው፣ የደም መጣጩ ሙት ፊልም። ሰዓዳ እሱን ነው ቆሻሻውን እየጠረገች፣ ጭረቱን እየደፈነች፣ ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን እንዲታይ የምታድሰው። መጨረሻው ግን የለም። የአባቷ ዓይን ደግሞ በየወሩ እየጠበበ ነው። ሳይጨልምባቸው ሙሉውን ላሳያቸው ብላ ነው ጥድፊያዋ ሁሉ።

ትዕግሥት ደውላ «ሙዳዩን ይዘሽ ነዪ» አለችኝ። እኔ እንደ መታወቂያ ፎቶ አንዴ ቀጭ አድርገው የሚመልሱልኝ መሰለኝ። ይህን ሳልጠይቅ መነሣቴ ነው ስሕተቴ።

ማክሰኞ

ጭጋጉ ሳይገለጥ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሙዳዩን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ «እማማ፣ ዕቃውን ላይ እንጫነው» አለኝ።

«ይህ ዕቃ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እህቴ ናት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ረዳቱ አለፈ፤ በኋላ ግን ለሾፌሩ በሹክሹክታ ሲነግረው ሰማሁ።

ጋሸና ነፋሱ ያው ነው፣ የሚገርፍ። እስታይሽ ወርደን ሻይ ጠጣን። ከዚያ በኋላ ነው ምድር የምትከፈተው። ወደ ድልብ ስንወርድ መንገዱ እንደ ተጣለ ገመድ ይጠማዘዛል፤ ጆሮዬ ድፍን አለ፤ እኛ አገር ከላይ የምናየው ደመና እዚያ ከእግር በታች ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ፊቷ አመድ መሰለ። «ፌስታል! ፌስታል ስጧት!» ተባለ። ፌስታል ጠፋ። ከኋላ አንዲት ሴት እጇን ሰድዳ ነጠላዬን ገልጣ ሙዳዩን አነሣች፤ ክዳኑንም ከፈተች።

«ኧረ በማርያም!» ብዬ ጮህኩ።

ረዳቱ ዘሎ መጥቶ ባርኔጣውን ለልጅቷ አቀበላት። «እህታቸው ናት ሲሉ አልሰማሽም!» ብሎ ሴትዮዋን ተቆጣ። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ፤ ልጅቷ እንኳ ባርኔጣው ውስጥ ሆና ሳቀች። እስከ ወልድያ ድረስ እየመጡ «እህትዎ ደኅና ናቸው?» ይሉኝ ነበር።

ወልድያ ስደርስ ሙቀቱ ጋቢዬን አስወለቀኝ። ባጃጆቹ እንደ ንብ ናቸው፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። የትዕግሥት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ አልጋዋን ለኔ ለቃ እሷ መሬት ተኛች። እኛ ዘንድ መሬት መተኛት ቅጣት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚያ ግን «እማማ፣ የሚቀዘቅዘው መሬቱ ነው» አለችኝና ሳቀችብኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ሰዓዳ ዘንድ ሄድን። ፎቶ ቤቷ ጠባብ ነው፤ ከፊት ሙሽሮች በፍሬም ተሰቅለዋል፣ ከኋላ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ የሚሸተው እንደ ከረመ ጠላ ነው። ፊልም ሲያረጅ እንዲያ ይኮመጥጣል አለችኝ። እዚያ ያየሁትን እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ግን ልሞክር።

ከተጣለ የልብስ ስፌት መኪና ፔዳሉን ወስዳ፣ መብራትና ካሜራ ገጥማበት የራሷን ማሽን ሠርታለች። ፔዳሉን አንዴ ስትረግጥ ጥብጣቡ አንድ ሥዕል ይራመዳል፣ ካሜራው ቀጭ ይላል። እንደገና ትረግጣለች፣ ቀጭ። ፊልም ማለት ለካ አንድ ነገር አይደለም፤ እልፍ አእላፍ ትናንሽ ሥዕል ነው፣ አንዱ ካንዱ በፀጉር የሚለይ። ሰውየው እጁን እስኪያነሣ ድረስ ሃያ ጊዜ ይሣላል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ትገባና ከያንዳንዱ ሥዕል ጭረቱን፣ አቧራውን፣ የዝንብ እዳሪውን ሳይቀር እንደ ምስር ትለቅማለች። ሁለት ዓመት ለቅማለች። አንዲት ሥዕል ላይ ከሴትዮዋ ጉንጭ ጭረት ስታነሣ አየሁ፤ ጉንጩ ከሥሩ ጠባሳ ሳይኖረው ወጣ። አፌን ያዝኩ። ቁስል ሲድን አይቻለሁ፤ እንዳልነበረ ሲሆን ግን ያን ቀን ማየቴ ነው።

«ሙቱን አሳዪኝ» አልኳት።

አሳየችኝ። ረጅም ነው፣ ጥቁር ካባ ለብሷል፤ ከሳጥኑ ሲነሣ ወገቡን ሳያጥፍ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ነው። ወደ አንዲት ልጃገረድ መስኮት ይመጣል። ልጅቷ አንገቷ ላይ ነጭ ሽንኩርት ስታስር ባየሁ ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«እነዚህ ፈረንጆች ነጭ ሽንኩርት ማሰር ማን ነገራቸው?» አልኩ። እኛ ለሕፃን አንገት ከጤና አዳም ጋር የምናስረው! ባሕር ማዶም ሰው ልጁ እንዳይነካበት ይኸንኑ ያስራል ማለት ነው። ሰዓዳም ትዕግሥትም ሳቁ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ልጅቷን እንደ ዘመድ ነው ያየኋት።

ከዚያ ሰዓዳ ሙዳዩን ብርሃን ላይ አስቀምጣ በማጉያ መነጽር ዞረችው። «እሱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እማማ፣ የጠፋው መጨረሻ እሱ ነው።»

«እንግዲያ ፎቶ አንሺው።»

ሰዓዳና ትዕግሥት ተያዩ። «እማማ፣ እንደተሰፋ አይነሣም። ብርሃን ከኋላው ማለፍ አለበት። መፈታት አለበት።»

ሙዳዩን ወስጄ ነጠላዬ ውስጥ መለስኩት። «የሞተች ሴት ስፌት አይፈታም» አልኳት። ድምፄ ለራሴም ክፉ ሆኖ ተሰማኝ። ሰዓዳ አልተለማመጠችኝም፣ አላኮረፈችኝም። «አብሽሩ እማማ። የርስዎ ነው። ግን ነገ ወደ መርሳ ልወርድ ነው፤ አባቴ በእጁ ቢዳስሰው ብቻ ይበቃዋል። አብረን እንሂድ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያላየሁት አገር ስም ከተጠራ እግሬ ይቀድመኛል። ያን ቀን ጾም ስለሆነ ትዕግሥት ዘንድ ሽሮ በልተን ዋልን፤ ሽሮው ወረደልኝ፣ ሐሳቡ ግን አልወረደልኝም።

ሐሙስ

ሰዓዳ ኮምፒውተሯንና ማሽኗን ሳይቀር ጭና መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ትዕግሥት ሥራ ስላላት ቀረች። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ጎማው ፈነዳ። እስኪቀየር ድረስ እዚያ ያለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ዘበኛ «ኑ እናታለም፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ» ብሎ የራሱን ወንበር ጥላ ሥር አወጣልኝ፤ ውኃም ሰጠኝ። ከአጥሩ ወዲያ ማሽላው ተሰልፏል፣ እያንዳንዱ ራሱ ላይ የወረቀት ከረጢት ደፍቷል። የተሸፈነች ሙሽራ ነው የሚመስለው።

«ምን አጥፍቶ ነው የተሸፈነው?» አልኩት።

«ከጎረቤቱ እንዳይዳቀል ነው እናቴ።»

«እኛ አገር ሰው እንኳ እንዲህ አይጠበቅም!» ስለው ዘበኛው ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ። ስንሄድም አንድ ፓፓያ አሸከመኝ። ደጋ ላይ ገብሳችን ማንም ሳይሸፍነው ነው የሚያድግ፤ ብርዱ ብቻ ይጠብቀዋል።

መርሳ ስንደርስ መንገዱ ዳርና ዳር ማንጎ ተከምሯል። እኛ ዘንድ በበዓል እንኳ የማይገኘው እዚያ ሕፃናት ይወራወሩበታል። የጋሽ እንድሪስ ቤት ደጁ ላይ ትልቅ ማንጎ አለው። እሳቸው ወጥተው ቆመው ነበር። ቀጭን፣ ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ሰው ሲያዩ ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል የሚያደርጉ። ለካ ዓይናቸው የሚያየው ከጎን ብቻ ነው፤ መሐሉ ጠፍቷል።

«እንኳን ደኅና መጡ፣ ቤቱ የርስዎ ነው። አይጨነቁ፣ ዶሮዋን ብርቄ ናት ያረደች» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። ብርቄ አጠገባቸው የምትኖር ክርስቲያን ጎረቤታቸው ናት። የኔን መምጣት ሲሰሙ ዶሮ ገዝተው ወስደው ሰጥተዋታል፤ በሷ ድስት፣ በሷ ቤት ተሠርቶ መጣልኝ። እሳቸው ሰዓዳ የሠራችላቸውን ሌላ ወጥ ከኔ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው በሉ። «እንግዳ እኛ ቤት ጦሙን አያድርም» አሉ።

የብርቄ በር ላይ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ተንጠልጥሏል። ለወጥ መስሎኝ ነበር።

«ለወጥ አይደለም፤ ለሱ ሙት ነው» አለችኝ ብርቄ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የኔው እኩያ። «ልጅ ሆኜ እዚሁ መርሳ ገበያ አሳዩን። ይኼ እንድሪስ ከመጋረጃው ጎን ቆሞ ይናገራል። ሙቱ ልጅቷ አንገት ላይ ሊደርስ ሲል ፊልሙ ድርግም! ሰው 'ከዚያስ?' ሲል፣ ይኼ ሸይጣን 'ከዚያማ ወደሚቀጥለው ገበያ ይመጣል' አለን!»

«ምን ልበል ታዲያ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ እየሳቁ። «መጨረሻው ማሽኑ ላይ ተቃጠለ። የተረፈውን ቁራጭ ጣልኩት። ድምፅ የሌለው ፊልም ነው፣ የሚናገርለት እኔ ነኝ፤ የሌለውን ፍጻሜ ከየት አምጥቼ ልናገር?»

«ይኸው እስከ ዛሬ ሽንኩርቴን አላወረድኩም» አለች ብርቄ።

ሙዳዩን ከነጠላዬ አውጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሳቁ ቆመ። ጣታቸው በቀዳዳዎቹ ላይ አንድ በአንድ ሄደ፣ እንደ መቁጠሪያ። ሦስቱንም ዙር ዞሩት።

«ይህን የሰፋው ማን ነው?»

«እህቴ ናት። የሺ ትባል ነበር።»

ጣታቸውን እንደገና ወደ መጀመሪያዋ ቀዳዳ መለሱ። «ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጣ ትሰፋ የነበረችው» አሉ በመጨረሻ። «ግራኟ።»

የሺ ግራኝ ነበረች! እኔ የአንድ ማኅፀን ልጅ ረስቼው ነበር፤ እሳቸው ናቸው የመለሱልኝ። ከዚያ ሌላም ሌላም ጠየቅኋቸው። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጠርዝ ትሸፍን እንደነበር፣ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ እንዳላት፣ ሙቱ ከሳጥኑ ሲነሣ ሁልጊዜ ስፌቷን ይዛ እንደምትሮጥ፣ በማግስቱ ደግሞ ተመልሳ እንደምትመጣ ነገሩኝ። እየተናገሩ ሳለ ፊቷ ታየኝ። ጠባሳውን ሳይቀር።

«አይፈታ» አሉ ሙዳዩን እየመለሱልኝ። ሰዓዳን ነው ያሉት። «ሰምተሻል? ፊልሙ እንዴት እንደሚያልቅ እኔ አውቃለሁ። ይበቃኛል።»

ሰዓዳ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሙዳዩን ከጎን ለማየት ሲታገሉ አይቻለሁ።

ዓርብ

ጋሽ እንድሪስ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሄዱ። እኔ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ብርቄን «ወስፌሽን አውሺኝ» አልኳት።

«አይፈታ ብለዋል እኮ!»

«የኔ ነው። አንቺ ብቻ ከፈታሁ በኋላ ጠርዙን መልሰሽ ትሰፊልኛለሽ ወይ?» አልኳት። ብርቄ ሙዳዩን ገለባበጠችው፣ ግንባሯን ቋጠረች። «ይህ ወደ ግራ ነው የሚዞር። ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ቀኝ ነው የሰፋሁ። ግን ለሷ ስል ወደ ግራ እሰፋለሁ።» ሰዓዳ ሮጣ ንጹሕ ጨርቅ አምጥታ አነጠፈች።

የመጀመሪያዋን ስፌት ፈታሁ። ሁለተኛዋን ፈታሁ። አሥረኛዋ ላይ የጥብጣቡ ጫፍ ከክዳኑ ተላቀቀ። ከሥሩ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ሙዳዩ ሁሉ በጭስና በዘመን ብዛት ቡኒ ሆኗል፤ ጥብጣቡ የሸፈነው የስፌቱ ሣር፣ አክርማው ግን ፀሐይ ሳያየው፣ እጅ ሳይነካው፣ ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ እንደሆነ ቀርቷል። የሺ ነክራ ያወጣችው ቀለም። እሷ ያየችውን ቀይ እኔም ያን ጊዜ አየሁ። ስፌቷን አፈርስ መስሎኝ ነበር የፈራሁት፤ ለካ ከሥሩ ቆይታኛለች። አለቀስኩ። ብርቄም አብራኝ አለቀሰች፤ ለምን እንደምታለቅስ እንኳ ሳትጠይቀኝ።

የሺ አንዲት ሥዕል አልበሳችም። ወስፌዋ የገባው በተበሱት ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ሰዓዳ ይህን ስታይ «ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ» እያለች ጥብጣቡን በጥጥ ጠረገችው። ቆጠረችው፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ሥዕል። ከዚያ ጫፉን በማጉያ መነጽሯ ያዘችና ለብዙ ጊዜ አየችው። ቀና ብላ ወደ መስጊዱ መንገድ ተመለከተች። ድካም መሰለኝ።

እኔንም ወደ ፀሐይ አስይዛ አሳየችኝ። ጥፍር የምታህል መስኮት፣ በመስኮቷ ውስጥ መስኮት፣ በዚያ ውስጥ ብርሃን።

ጋሽ እንድሪስ ተመልሰው ማንጎው ሥር ደረሱ። «ነካችሁት፤ ሽታው ደርሶኛል» አሉ። ጥብጣቡን አቀበልኳቸው። በሁለት ጣታቸው መሐል አሳልፈው እስከ ጫፉ ደረሱ፤ ጫፉን ይዘው ፊታቸውን ወደ ማንጎው ግንድ አዞሩ። እኛም ወደ ሌላ አየን።

ቅዳሜ

ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ የሰዓዳ ፔዳል አልቆመም። ቀጭ፣ ቀጭ። ጠዋት ላይ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። «አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። የአክርማው ቀይ ጠርዙን ነክሮታል። በኮምፒውተር ላጥፋው እችላለሁ፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ እንደሌላው ይሁን?»

እኔና ጋሽ እንድሪስ እኩል «ተዪው!» አልን።

ከሰዓት በኋላ መስኮቱን በኔ ጋቢ ጋረድን። ብርቄ ከበሩ አጠገብ፣ ለመሮጥ እንዲመቻት፣ ተቀመጠች። ጋሽ እንድሪስ ቴሌቪዥኑ ሥር ከጎን ተቀመጡ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው። ሰዓዳ ፊልሙን የገለበጠችበትን ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካች።

ሙቱ ታየ፣ ጥርት ብሎ፣ ትናንት የተቀረጸ ይመስል። ጋሽ እንድሪስም አፋቸውን ከፈቱ። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በወጣት ድምፅ፣ እንደ ገበያው ዘመን፤ «እነሆ! ፀሐይ ጠልቃለች፤ የፈራ ልጅ የእናቱን ቀሚስ ይያዝ!» ሥዕሉ ከመምጣቱ በፊት ቃሉን ያውቁታል። ዓይናቸው ያልደረሰበትን ትዝታቸው ይናገራል። ሰዓዳ በስልኳ ድምፃቸውን ትቀዳ ነበር፤ እንባዋ እየወረደ።

ልጅቷ ሽንኩርቷን አወለቀች። «አታውልቂ!» አለች ብርቄ። ሙቱ መስኮቱ ላይ ደረሰ። ጎንበስ አለ። ይህች ናት ያቺ ቦታ። ጋሽ እንድሪስ ቃላቸው አለቀ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ተናግረውት አያውቁም።

የየሺ ጥብጣብ መጣ። መስኮቱ ነጋ። ከጠርዙ በኩል ቀይ ገባ፤ ያ ሁሉ ጥቁርና ነጭ አልፎ፣ ፀሐይ ስትወጣ ብቻ፣ የአክርማ ቀይ። ሙቱ እጁን ወደ ፊቱ አነሣ፣ ተሸበሸበ፣ ጭስ ሆነ፣ ባዶ ወለል። አለቀ። ሦስት ዙር ሙዳይ፣ የእህቴ የስንት ቀን ሥራ፣ ሁለት ጊዜ ተንፍሼ ሳልጨርስ አለቀ።

«ሞተ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «አየሁት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሰዓዳ። ብርቄ ግን ተነሥታ ወጣች፤ ስትመለስ የበሯን ነጭ ሽንኩርት ይዛ ነበር፣ «እንግዲህ ለወጥ ይሁን» ብላ ጭኔ ላይ ጣለችው።

በማግስቱ እሑድ ተነሣሁ። ሙዳዬ ወደ ግራ በሚዞር አዲስ አክርማ ተሰፍቶ፣ ውስጡ ፍላሽ፣ የብርቄ ሽንኩርትና አንድ ማንጎ ይዟል። ድልብን ስንወጣ ብርዱ ተቀበለኝ። ጋቢዬን ለበስኩ፤ የመርሳ ሙቀት አልወጣለትም ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ጋሽ እንድሪስ ማረፋቸውን ሰማሁና ለለቅሶ መርሳ ወረድኩ። ሰዓዳ ማንጎው ሥር ወስዳኝ ያን ዓርብ በማጉያ መነጽሯ ያየችውን ነገረችኝ። የጥብጣቡ ጫፍ አልተቃጠለም ነበር፤ በመቀስ፣ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። አባቷን የጠየቀቻቸው ሊሞቱ ሲሉ ነው፤ ያን ጊዜ አመኑላት። የሺ በየቀኑ እየሮጠች የሙቱን ፍጻሜ አይታ አታውቅም ነበር፣ በፍርሃትም እንቅልፍ አጥታ ነበር። እሳቸው መጨረሻውን ከደኅናው ፊልም ቆርጠው፣ ወደ ፀሐይ ይዘው «እዪ፣ ሞቷል» ብለው ሰጧት፤ ለመኪናው ባለቤትም ተቃጠለ አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መኪና በቆመበት ገበያ ሁሉ ሰው ሙቱን በሕይወቱ ትቶ ወደ ቤቱ ገባ፤ እህቴ ብቻ ተኛች።